የአረጋውያንን መውደቅ ለመከላከል የሚረዳ የሚዛን ልምምድ

ዕድሜ ሲገፋ የጡንቻ ጥንካሬ፣ የዓይን እይታና በውስጠኛው ጆሮ የሚገኘው ሚዛን ጠባቂ ክፍል ይዳከማሉ። በመሆኑም ቀላል መሰናክል አረጋውያንን በመጣል ለዳሌ አጥንት ስብራት ወይም ለጭንቅላት ጉዳት ሊዳርግ ይችላል። የዓለም ጤና ድርጅት በመላው ዓለም በየዓመቱ 684,000 ያህል ሰዎች በመውደቅ ሳቢያ ሕይወታቸውን እንደሚያጡ ይገምታል።

አንድ ጊዜ የወደቀ ሰው ዳግም እንዳይወድቅ በመስጋት ከቤት መውጣትን ሊተው ይችላል። ይሁን እንጂ ያለ እንቅስቃሴ መቀመጥ ጡንቻን ይበልጥ ስለሚያዳክም የመውደቅ ዕድልን ይጨምራል።

ድርጅቱ ዕድሜያቸው 65 ዓመትና ከዚያ በላይ የሆኑ ሰዎች በሳምንት ቢያንስ 3 ቀን ሚዛንንና ጥንካሬን የሚያዳብር እንቅስቃሴ እንዲያደርጉ ይመክራል። በቤት ውስጥ ሊከናወኑ ከሚችሉት መካከል፦

• ከማይነቃነቅ ወንበር ላይ በዝግታ መነሳትና መቀመጥ፤
• ግድግዳ ወይም ጠረጴዛ ተደግፎ በአንድ እግር እስከ 10 ሰከንድ መቆም፣ ከዚያም እግር መቀየር፤
• የአንዱን እግር ተረከዝ ከሌላው ጣት ፊት እያስቀመጡ በቀጥታ መስመር መራመድ።

ልምምዱ ሲጀመር የቤተሰብ አባል በአቅራቢያ ሊኖር ይገባል። ድጋፉም የሚቀነሰው ሚዛን ሲሻሻል ደረጃ በደረጃ ነው። የሚያዳልጥ ወለል፣ የተጣጠፈ ምንጣፍና ልቅ ነጠላ ጫማ ለአደጋ ያጋልጣሉ።

የማዞር ስሜት ያለባቸው፣ በቅርቡ የወደቁ ወይም የደም ግፊት መድኃኒት የሚወስዱ አረጋውያን ልምምዱን ከመጀመራቸው በፊት በአቅራቢያቸው የሚገኝ ጤና ባለሙያ ሊያማክሩ ይገባል።