ወይኔ፣ ወዮልህ፣ ኢያ

የእንግሊዝኛው የሐዘን ቃል «አላስ» በመዝገበ ቃላት «ወዮ» ተብሎ ይፈታል። ስሕተት የለውም፤ የቃላቱ የትውልድ ታሪክ ግን ለየቅል ነው። አላስ ከድሮው ፈረንሳይኛ የመጣ ሲሆን፣ ሥሩ በላቲን «የደከመ» ማለት ነው። አቅም ያጣ ሰው ትንፋሽ እንደ ማለት ነው።

የእኛው ወዮ ሁለት ፊት አለው። «ወይኔ» ስንል ለራሳችን እናለቅሳለን፤ «ወዮልህ» ስንል ግን እናስጠነቅቃለን። በማቴዎስ 23 ግእዙ «አሌ ለክሙ» ያለውን አማርኛው «ወዮላችሁ» ብሎታል፤ ለግብዞች የተነገረ ነውና ማልቀስ ብቻ አይደለም። ኦሮምኛውም «ወዮ» አለው፤ አሰላ ላይ ለቅሶ የደረሰች አባል ይህን ለማወቅ አስተርጓሚ አያስፈልጋትም።

በአርሲ የሴት ጩኸት ከዚህም ያልፍ ነበር። እናት ለልጇ በሰርጓ ዕለት ሲንቄ የተባለውን በትር ትሰጣታለች። ባል ሚስቱን ቢበድል፣ በተለይ አራስ ሳለች ቢመታት፣ «ኢያ ሲንቄ» ብላ ትጮኻለች። የሰሙ ሴቶች ሥራቸውን፣ ልጆቻቸውንና ከብቱን ለወንዶቹ ጥለው፣ ሲንቄያቸውን ይዘው ይወጣሉ። ቤቱ ያለ ሴት ሲቀር ሽማግሌዎች ተከትለው ይለምናሉ። አጥፊው ካሳ ሳይከፍል፣ ሴቶቹም ሳይታረቁ ወደ ቤት መመለስ የለም።

እንግዲህ ሪፖርታችንን ለረጂዎች በእንግሊዝኛ የምትጽፉ እህቶች፣ ኢያን «አላስ» አትበሉት። ኢያ ብላችሁ ጻፉትና ትርጉሙን ከጎኑ አስረዱ።