በፖቶማክ ወንዝ ዳር ያለው የበቅሎ መንገድ

ከዋሽንግተን ከተማ፣ ከጆርጅታውን ሰፈር ተነሥቶ፣ የፖቶማክን ወንዝ በስተግራ፣ አሮጌውን ቦይ በስተቀኝ እያደረገ፣ በጫካው ጥላ ውስጥ እስከ ሜሪላንድ ተራሮች፣ እስከ ከምበርላንድ ከተማ ድረስ የሚዘልቅ 297 ኪሎ ሜትር ርዝመት ያለው የአፈርና የጠጠር መንገድ አለ። በዚህ መንገድ አውቶሞቢል አያልፍበትም። ብስክሌተኛው ከማለዳ ጀምሮ እስከ ማታ ቢነዳ ከወንዙ ድምፅ፣ ከአዕዋፍ ዜማና ከጎማው ሥር ከሚንኮሻኮሸው ጠጠር በቀር የሚሰማው ጥቂት ነው፤ በረጋው የቦይ ውሃ ውስጥ በወደቀ ግንድ ላይ ኤሊዎች ተደርድረው ፀሐይ ሲሞቁ ያያል። ብዙ ሰው ይህን ፀጥታ ከፈጣሪ እንደ ተሰጠ አድርጎ ይቀበለዋል። የመንገዱን ጥንተ ነገር ለሚመረምር ግን ፀጥታው በብዙ ሰዎች ላብ፣ በአንድ ኩባንያ ክስረትና በጥቂት ሰዎች ጽናት የተገኘ መሆኑ ይገለጥለታል።

ነገሩ የሚጀምረው በፈረንጆች አቆጣጠር ጁላይ 4 ቀን 1828 ነው፤ ከዚህ በታች ያሉት ዓመታትም በዚሁ አቆጣጠር የተጻፉ ናቸው። በአገራችን ዘመነ መሳፍንት ገና ሳያልፍ፣ አሜሪካ የነጻነት በዓሏን በምታከብርበት በዚያ ዕለት፣ ፕሬዚዳንት ጆን ክዊንሲ አዳምስ የቼሳፒክና ኦሃዮ ቦይ የሚባለውን የውሃ መንገድ ሥራ ለማስጀመር አካፋ ይዘው ቀረቡ። አካፋው ከዛፍ ሥር ገጥሞት አልገባ አለ፤ ቢደግሙትም አልሆነም፤ በመጨረሻ ኮታቸውን አውልቀው በብርቱ ሲመቱት አፈሩ ተነሣላቸው፤ ሕዝቡም በሆታ ደገፋቸው። በዚያችው ዕለት በባልቲሞር ከተማ፣ የአሜሪካን የነጻነት መግለጫ ከፈረሙት አበው መካከል ብቻቸውን በሕይወት የቀሩት ሽማግሌ ቻርልስ ካሮል የባልቲሞርና ኦሃዮ ባቡር የመጀመሪያውን ድንጋይ አኖሩ። ሁለቱ ኩባንያዎች የሚመኙት አንድ ነገር ነበር፤ ይኸውም የአሌጌኒን ተራሮች ተሻግሮ ከኦሃዮ ወንዝ መድረስና የምዕራቡን አገር ንግድ መያዝ ነው። በአንድ ቀን የተወለዱት ሁለት ሥራዎች በጠባቡ የወንዝ ሸለቆ ውስጥ ስለ ቦታ እየተካሰሱ ሲሽቀዳደሙ፣ ባቡሩ በ1842 ከምበርላንድ ደረሰ፤ ቦዩ ግን እዚያው ከተማ ለመድረስ እስከ 1850 ፈጀበት፤ ከዚያም ወዲያ አንድ እርምጃ አልተራመደም።

ቦዩን የቆፈሩት አብዛኞቹ ከአየርላንድ የመጡ ድኾች ነበሩ። በ1832 የገባው የኮሌራ መቅሠፍት ብዙዎቹን ፈጀ። በ1834 ደግሞ ከልዩ ልዩ የአየርላንድ ክፍል የመጡት ሠራተኞች ስለ ሥራ ተጣልተው ደም ስለ ፈሰሰ ፕሬዚዳንት አንድሩ ጃክሰን ወታደር ላኩ፤ የአሜሪካ ማዕከላዊ መንግሥት የሠራተኞችን ጠብ ለማብረድ ጦር ሲያዝ ይህ የመጀመሪያው ነበር።

ከሥራው ሁሉ እጅግ የከበደው የፖ ፖ ዋሻ ነው። ወንዙ በዚያ ቦታ እንደ እባብ ስለሚጠማዘዝ፣ መሐንዲሶቹ ዙሪያውን ከመከተል ይልቅ ተራራውን በስቶ ማለፍ ይሻላል ብለው ቈረጡ። ሥራውን በ1836 የተቀበለው ኮንትራክተር ሊ ሞንትጎመሪ፣ ቀድሞ የሜቶዲስት ሰባኪ የነበረ ሰው ሲሆን፣ በሁለት ዓመት እንደሚጨርስና 33,500 ዶላር እንደሚበቃ ታስቦ ነበር። ድንጋዩ ግን እየተፈረካከሰ ይናድባቸው ጀመር፤ ደመወዝ ተቋረጠ፤ ሠራተኛ አመፀ፤ ሰውዬውም ከሠረ። በ1842 ቆሞ በ1848 እንደገና የተጀመረው ሥራ በ1850 ሲፈጸም ወጪው ወደ 600,000 ዶላር ወጥቶ ነበር። ዋሻው 950 ሜትር ርዝመት አለው፤ ውስጡም ከስድስት ሚሊዮን በሚበልጥ ጡብ ተለብጧል። ዛሬ ብስክሌተኛ በደጃፉ ወርዶ መብራቱን አብርቶ በእግሩ ይገባል፤ ከጎኑ ባለው የእንጨት መከታ ላይ እጁን ሲያሳርፍ፣ የጀልባ ገመድ ዘመን ሙሉ እየፈተገ የቀረጸውን ጎድጓዳ መስመር በጣቱ ይዳስሰዋል። እኔ ስለዚያ ዘመን ከተጻፈው ሁሉ ይልቅ ይህ ምልክት ይበልጥ የሚናገር ይመስለኛል።

ያን ገመድ የጎተቱት በቅሎዎች ናቸው። በአገራችን በቅሎ የመኳንንትና የካህናት የክብር መጓጓዣ ሆና ስትኖር፣ በፖቶማክ ዳር ግን የድንጋይ ከሰል የተሞላ ጀልባ በረጅም ገመድ ስትስብ ኖረች። ብስክሌተኛው ዛሬ የሚነዳበትም መንገድ ለእርሷ ኮቴ ተብሎ የተጠረገው ነው። አቀበትና ቁልቁለት የማይበዛበትም ስለዚሁ ነው፤ ውሃ በደረጃ እንጂ በዳገት አይሄድምና። አንድ ጀልባ 28 ሜትር ርዝመት ሲኖረው 120 ቶን ያህል ከሰል ይጭን ነበር። ከፊት ለፊቱ የበቅሎ ጋጣ፣ ከኋላው ባለቤቱ ከሚስቱና ከልጆቹ ጋር የሚኖርባት አንዲት ጠባብ ክፍል ነበረች። በቅሎዎቹ ስድስት ሰዓት ያህል ጎትተው ሲደክሙ ወደ ጋጣቸው ይገቡና ያረፉት ይተኳቸዋል፤ በእግር እየተከተለ የሚነዳቸው ብዙውን ጊዜ ሕፃን ልጅ ነበር። ገና የማይሮጡት ደግሞ ውሃ ውስጥ እንዳይወድቁ በወገባቸው በገመድ ከጀልባው ጋር ይታሰሩ ነበር።

ከምበርላንድ ከጆርጅታውን በ184 ሜትር ከፍ ስለሚል፣ ይህን ሁሉ ከፍታ ጀልባው በ74 የውሃ በሮች እየተወጣጣ ያልፍ ነበር። የውሃ በር ማለት በሁለት ወገን ከባድ የእንጨት መዝጊያ ያለው የድንጋይ ክፍል ነው። የሚወርድ ጀልባ ሲቃረብ መለከት ይነፋል፤ ቀንም ይሁን ሌሊት በዳር ባለችው ትንሽ ቤት የሚኖረው በረኛ ወጥቶ የላይኛውን መዝጊያ ይከፍታል። በጀልባውና በግድግዳው መካከል የሚቀረው ክፍተት ከአንድ ስንዝር ያነሰ ስለሆነ፣ ባለ ጀልባው ገመዱን በዳር በተተከለው ግንድ ላይ ጠምጥሞ፣ ገመዱ እየጮኸ፣ ጉዞውን ያበርደዋል። የላይኛው ተዘግቶ በታችኛው መዝጊያ ያሉት ትናንሽ ቀዳዳዎች ሲከፈቱ ውሃው ይፈስሳል፤ ጀልባውም ከነጭነቱ ሁለት ሜትር ተኩል ያህል ዝቅ ይላል። ያን ጊዜ በረኛው ረጅሙን የእንጨት መግፊያ በጀርባው እየገፋ የታችኛውን ከፍቶ ያሰናብተዋል።

በ1870ዎቹ ከ500 በላይ ጀልባዎች በዚህ ውሃ ላይ ይመላለሱ ነበር። ይሁን እንጂ የባቡሩ ፍጥነት ንግዱን ወሰደበት፤ በ1889 የመጣውም ጎርፍ እንደ ማየ አይኅ ግድቡንና ዳርቻውን ጠርጎ ኩባንያውን ለተፎካካሪው ለባቡር ኩባንያ እጅ አሳልፎ ሰጠው። የ1924 ጎርፍ የጀልባውን ዘመን ፈጸመው። በ1938 መንግሥት ፍርስራሹን በሁለት ሚሊዮን ዶላር ገዛ። ከጆርጅታውን ጀምሮ ያለውን 35 ኪሎ ሜትር ያደሱት በፕሬዚዳንት ሩዝቬልት ጊዜ በተቋቋመው የወጣቶች የሥራ ጓድ ውስጥ የነበሩ ጥቁር አሜሪካውያን ናቸው። በዘር በተለየ ሰፈር እያደሩ፣ የተናደውን ካብ እንደገና ካቡት፤ የተደፈነውን ቦይ ጠረጉት። በዚያ በኩል የሚያልፍ ሁሉ ይህን ሊያውቅላቸው ይገባል።

ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ የአውቶሞቢል ብዛት ሲጨምር፣ በቦዩ ላይ የመኪና ጎዳና ይሠራበት የሚል ሐሳብ ተነሣ፤ ዋሽንግተን ፖስት ጋዜጣም በጃንዩዌሪ 1954 በርእሰ አንቀጹ ደገፈው። የጠቅላይ ፍርድ ቤት ዳኛ የነበሩት ዊልያም ዳግላስ ግን ለጋዜጣው ደብዳቤ ጽፈው፣ አዘጋጁ ከእርሳቸው ጋር መንገዱን በሙሉ በእግሩ ሄዶ ከፈረደ በኋላ አሳቡን ይለውጣል ሲሉ ተከራከሩ። የጋዜጣው ሰዎችም ግብዣውን ተቀበሉ። በማርች ወር ከከምበርላንድ ተነሥተው ስምንት ቀን ተጓዙ፤ የ55 ዓመቱን ዳኛ ጨምሮ መንገዱን በሙሉ በእግራቸው የፈጸሙት ዘጠኝ ሰዎች ብቻ ነበሩ። ጋዜጣው አቋሙን ለወጠ። ክርክሩ ግን ገና ነበር፤ በ1961 ፕሬዚዳንት አይዘንሃወር ከፊሉን ብሔራዊ ሐውልት ብለው ሰየሙት፤ ሁሉም በሕግ የተጠበቀ ብሔራዊ የታሪክ ፓርክ የሆነው በ1971 ነው። ዳኛ ፍትሕን ከመንበሩ ላይ ብቻ የሚሰጥ ለሚመስለው ሰው የዳግላስ ጫማ ትልቅ ምስክር ነው።

ከ2013 ወዲህ ደግሞ የባቡር ሐዲድ ከተነሣበት መሬት ላይ የተሠራው የአሌጌኒ መንገድ ከከምበርላንድ እስከ ፒትስበርግ ተፈጽሞ ከቦዩ መንገድ ጋር ስለ ተገናኘ፣ ቦዩ ሊሻገር ያልቻለውን ተራራ ብስክሌት በጠጠር ላይ ይሻገረዋል።

በዋሽንግተን፣ በሲልቨር ስፕሪንግና በአሌክሳንድሪያ የምትኖሩ ወገኖቼ ሆይ፣ ይህ መንገድ ከቤታችሁ ሩቅ አይደለም። ከግሬት ፎልስ በር በቀር መግቢያ አይከፈልበትም፤ በየመንገዱም ብስክሌተኛና እግረኛ ለአንድ ሌሊት ያለ ክፍያ የሚያድርበት ሥፍራ ተዘጋጅቶለታል። ልጆቻችሁን ይዛችሁ ሂዱ፤ የውሃ በሮቹን አሳዩአቸው፤ ወንዙ ሞልቶ ዳርቻውን በናደ ጊዜም ለጥገና ከሚወጡት ፈቃደኞች ጋር አካፋ ይዛችሁ ቁሙ፤ ጎርፉ ዛሬም ይመጣልና።