የከንፈር ምች፦ ሕክምናው እና ወደ ቤተሰብ እንዳይተላለፍ ልናደርገው የሚገባ ጥንቃቄ

ከንፈር ላይ ውሃ የቋጠሩ ትንንሽ ቁስሎች ሲወጡ ስሙን ለማወቅ ሐኪም አንጠይቅም። «ምች መታኝ» እንላለን። ምግብ በልቶ ፀሐይ ላይ መውጣት፣ ከእሳት ዳር ተነስቶ በቀጥታ ወደ ውጭ መሄድ ምክንያት ተደርጎ ይነገራል። ዳማከሴ ከጓሮ ይቆረጣል፣ ይታሻል፣ ጭማቂው በቡና ይጠጣል፣ የቀረው ግንባርና ከንፈር ላይ ይቀባል። ነገሩ በዚሁ ይዘጋል።

በዚህ አረዳድ ውስጥ ግን አንድ የጎደለ ነገር አለ። ምች የሚመጣው ከፀሐይ ነው ብለን ስለምናምን ከሰው ወደ ሰው ይተላለፋል ብለን አንጠረጥርም። ከንፈሯ ላይ ምች የወጣባት ዘመድ አራስ ልትጠይቅ ትመጣለች፣ ሕፃኑን ታቅፋ ጉንጩን ትስማለች፣ ከቤተሰቡ አንድም ሰው «ተይ» አይላትም። ይህን ጽሑፍ ያዘጋጀነው በዋናነት በዚህ ምክንያት ነው። ምች የሚለው ቃል ራስ ምታትና ትኩሳትንም እንደሚጨምር እናውቃለን፤ እዚህ የምናወራው ግን ከንፈርና አፍ ዙሪያ ስለሚወጣው ቁስል ብቻ ነው።

ምክንያቱ ምንድን ነው?

የከንፈር ምችን የሚያመጣው ኸርፐስ ሲምፕሌክስ የሚባል ቫይረስ ሲሆን በአብዛኛው አንደኛው ዓይነት ነው። እንግዳ በሽታ አይደለም። በዓለም ጤና ድርጅት ግምት ዕድሜያቸው ከ50 ዓመት በታች ከሆኑ የዓለም ሰዎች መካከል 3.8 ቢሊዮን የሚሆኑት፣ ማለትም 64 በመቶው፣ ቫይረሱ በሰውነታቸው አለ። አብዛኛው ሰው የሚያገኘው በልጅነቱ ከቤተሰቡ፣ በመሳም ወይም በምራቅ ነው። ብዙዎቹ ምንም ምልክት ሳያዩ ይኖራሉ።

ቫይረሱ አንዴ ከገባ አይወጣም። ቁስሉ ሲድን እርሱ በፊት ነርቭ ሥር ተደብቆ ይተኛል፤ ሰውነት ሲዳከም ወይም የሚቀሰቅሰው ነገር ሲያገኝ በዚያው ነርቭ ተመልሶ ከንፈር ላይ ይወጣል። ብዙ ጊዜ ምች ያው ቦታ ላይ የሚመላለሰው ለዚህ ነው። ከሚቀሰቅሱት ነገሮች መካከል ትኩሳት፣ ጉንፋን፣ ድካም፣ እንቅልፍ ማጣት፣ ጭንቀት፣ የወር አበባ እና ጠንካራ ፀሐይ ይገኙበታል። ስለዚህ ወላጆቻችን ፀሐይን መጠርጠራቸው ስህተት አልነበረም። ፀሐይ የተኛውን ትቀሰቅሳለች፤ ቫይረሱን ወደ ሰውነታችን ያስገባው ግን ሰው ነው።

ምች ሊወጣ ሲል ቦታው ያሳክካል፣ ይቆጠቁጣል ወይም ያቃጥላል። በአንድ ወይም በሁለት ቀን ውስጥ ውሃ የቋጠሩ ነጠብጣቦች ይወጣሉ፣ ይፈነዳሉ፣ ያዣሉ፣ ከዚያ ቅርፊት ይሠራሉ። ያለ መድኃኒትም ቢሆን አብዛኛውን ጊዜ ከ7 እስከ 10 ቀን ባለው ጊዜ ይድናል። በጣም የሚተላለፈው ፈሳሹ በሚያዥበት ወቅት ነው፤ ነገር ግን ማሳከክ ከጀመረበት ሰዓት አንስቶ ቅርፊቱ ወድቆ ቆዳው እስኪዘጋ ድረስ እንደሚተላለፍ አድርጎ መጠንቀቅ ይገባል። ቁስል በሌለበት ጊዜም አልፎ አልፎ በምራቅ ሊተላለፍ ይችላል።

በአፍ ውስጥ፣ በጉንጭ ወይም በምላስ ላይ የሚወጣው ነጭ የሚያቃጥል ቁስል አብዛኛውን ጊዜ ሌላ ነው፣ ወደ ሰውም አይተላለፍም። የአፍ ማዕዘን መሰንጠቅም እንዲሁ ከምች ይለያል።

ሕክምናው

ሕክምናው ላይ ወሳኙ ሰዓቱ ነው። አሲክሎቪር የተባለው ቅባት (5 በመቶው) በቀን 5 ጊዜ ለ5 ቀን ያህል ይቀባል። ማሳከኩ እንደተሰማ ከተጀመረ የመዳኛውን ጊዜ በጥቂቱ ያሳጥራል፤ ቅርፊት ከሠራ በኋላ ቢቀቡት ግን ጥቅሙ እዚህ ግባ የሚባል አይደለም። ምች የሚመላለስበት ሰው ቅባቱን ቀድሞ ቤት ቢያስቀምጥ ይሻላል የምንለው ለዚህ ነው። ሲቀቡ በጣት ከመጠቀም በንጹሕ ጥጥ መጠቀም፣ ከቀቡ በኋላ እጅን በሳሙና መታጠብ፤ ቅባቱንም ከሌላ ሰው ጋር አለመጋራት ያስፈልጋል።

የሚዋጡት መድኃኒቶች ከቅባቱ ይልቅ ይሠራሉ። አንዱ አሲክሎቪር ራሱ ነው፣ ሌላው ቫላሲክሎቪር። ቫላሲክሎቪር ለአዋቂዎች ማሳከክ ሲጀምር 2 ግራም፣ ከ12 ሰዓት በኋላ ሌላ 2 ግራም ተወስዶ በአንድ ቀን የሚያልቅ አወሳሰድ አለው። የኩላሊት ሕመም ያለበት፣ ነፍሰ ጡር የሆነች እና ሌላ መድኃኒት የሚወስድ ሰው ግን ሐኪም ሳያማክር መጀመር የለበትም። በዓመት 6 ጊዜና ከዚያ በላይ የሚመላለስበት ሰው በየቀኑ የሚወሰድ መከላከያ መድኃኒት ሐኪሙ ሊያዝለት ይችላል።

ሕመሙን ለማስታገስ ፓራሲታሞል፣ በቀዝቃዛ ውሃ የተነከረ ንጹሕ ጨርቅ እና ቅርፊቱ እንዳይሰነጠቅ ቫዝሊን ይበቃሉ። ለሕፃናትና ለታዳጊዎች አስፕሪን አይሰጥም።

ቤት ውስጥ የምናያቸው ስህተቶችም አሉ። ቴትራሳይክሊን ቅባትም ሆነ አሞክሲሲሊን የሚሠሩት በባክቴሪያ ላይ ነው፤ ቫይረሱን አይነኩትም። የጥርስ ሳሙና፣ ሽቶ፣ አልኮልና ሎሚ ቁስሉን ያቃጥሉታል እንጂ አያድኑትም። ለቆዳ ማሳከክ የተሰጠ የስቴሮይድ ቅባት ደግሞ ያለ ሐኪም ትእዛዝ መቀባት ቁስሉን ሊያባብሰው ይችላል።

ስለ ዳማከሴ ብዙዎች ይጠይቁናል። ዳማከሴም ሆነ አሲክሎቪር ቫይረሱን ከሰውነት አያስወጡትም። የሚጠጣው ሰው እፎይታ ካገኘ የምንከራከርበት ነገር የለንም። የምናሳስበው ስለ እጅ ነው፦ የራስን ቁስል ባሸ እጅ ቅጠሉን ለልጅ ጨምቆ ፊቱን መቀባት ቫይረሱን በገዛ እጅ ማቀበል ነው።

ማርም ይጠየቃል። በኒውዚላንድ ከ900 በላይ አዋቂዎችን ያሳተፈና እ.ኤ.አ. በ2019 የታተመ ጥናት ለሕክምና ተብሎ የተዘጋጀ ማርን ከአሲክሎቪር ቅባት ጋር አነጻጽሮ በመዳኛ ጊዜያቸው መካከል ይህ ነው የሚባል ልዩነት አላገኘም። ያ ማር ግን የተጣራና ከጀርም ነጻ የተደረገ ነው፣ ከገበያ ከምንገዛው ጋር አንድ አይደለም። ከአንድ ዓመት በታች ላለ ሕፃን ደግሞ ማር በምንም መልኩ አይሰጥም፤ ቦቱሊዝም ለተባለ አደገኛ መመረዝ ሊያጋልጠው ይችላል። ይህን እዚህ ማንሳታችን ያለ ምክንያት አይደለም፤ አራስ ሕፃንን ማር የሚያቀምሱ ቤተሰቦች አሉ።

አራስ ያለበት ቤት

ለአዋቂ ሰው ምች የሳምንት መረበሽ ነው። ለአራስ ሕፃን ግን ሕይወቱን ሊያሳጣው ይችላል። በመጀመሪያዎቹ 4 ሳምንታት የሕፃኑ የመከላከል አቅም ገና ስላልጠነከረ ቫይረሱ ከቆዳ አልፎ ወደ ጉበት፣ ሳንባና አንጎል ሊሰራጭ ይችላል። እናቲቱ ቀድሞ ቫይረሱ ከነበረባት በማህፀን ያስተላለፈችለት መከላከያ በተወሰነ ደረጃ ይጠብቀዋል፤ ካልነበረባት ግን ሕፃኑ ይህ ጥበቃ የለውም። ሊጠይቅ የመጣው ሰው የትኛው እንደሆነ ሊያውቅ አይችልም።

ስለዚህ ከንፈሩ ላይ ምች የወጣበት ሰው፣ አያትም ይሁን አባት፣ አራሱን አይስምም። ፊቱን፣ እጁን፣ ጣቱንም ቢሆን፤ ሕፃን ጣቱን ወደ አፉ ይወስዳልና። ከቻለ ቁስሉ እስኪድን ጉብኝቱን ቢያዘገይ ይመረጣል። ዐቂቃው ሰባተኛው ቀን ላይ ሲውል ቤቱ በሰው ይሞላል፣ ሕፃኑም ከእጅ ወደ እጅ ይዞራል፤ የቤቱ ሰው አስቀድሞ «ሕፃኑን አትሳሙብን» ቢል ነውር አይደለም። እናትየው ለመናገር ታፍራለች፤ ይህን ማለት ያለበት አባት ወይም አያት ነው።

ተህኒክን በተመለከተ በተለይ መጠንቀቅ ያስፈልጋል። ቴምር ታኝኮ በሕፃኑ ላንቃ ላይ የሚደረግ በመሆኑ ምራቅ በቀጥታ ወደ አፉ ይገባል። ምች ያለበት ወይም ማሳከክ የጀመረው ሰው ፈጽሞ ማድረግ የለበትም። ምች የሚመላለስበት ሰውም ቁስል ባይኖረው እንኳ ለሌላ ቢተው ይሻላል። ቴምሩን በንጹሕ ዕቃ አልሞ በታጠበ ጣት እጅግ ጥቂቱን ላንቃው ላይ ማስነካት ምራቅን ያስቀራል፤ አፈጻጸሙን በሚመለከት የአካባቢያችሁን ዓሊም መጠየቅ ትችላላችሁ። የማይላም ቁራጭ አፉ ውስጥ እንዳይቀር ተጠንቀቁ።

ምች የወጣባት እናት ራሷ ከሆነችስ? ጡት ማጥባቷን አታቋርጥም። ልጁን ከመያዟ በፊት እጇን በሳሙና ትታጠባለች፣ አፏን በማስክ ትሸፍናለች፣ ቁስሉ እስኪድን አትስመውም። ቁስሉ ጡቷ ላይ ከሆነ ብቻ በዚያ ጡት ማጥባት ታቆምና ሐኪም ታማክራለች።

አራስ ሕፃን ጡት እምቢ ካለ፣ ከወትሮው በላይ ከተኛና ለመቀስቀስ ካስቸገረ፣ ትኩሳት ካለው ወይም ሰውነቱ ከቀዘቀዘ፣ ውሃ የቋጠረ ነገር ከወጣበት ወይም ካንቀጠቀጠው በዚያው ሰዓት ወደ ሆስፒታል ይወሰድ። ምች ያለበት ሰው ስሞት እንደነበር ካወቃችሁ ለሐኪሙ ንገሩት፤ ብዙ ጊዜ ሐኪሙ ቫይረሱን ቶሎ እንዲጠረጥር የሚረዳው ይህ አንድ ቃል ነው። በደም ሥር የሚሰጥ አሲክሎቪር አለ፣ ጥቅሙ ግን ቶሎ ሲጀመር ነው።

ሌላው ቤተሰብ

ከፍ ያሉ ልጆች ቫይረሱን መጀመሪያ ሲያገኙ ከአዋቂ በላይ ሊታመሙ ይችላሉ። ትኩሳት ይኖራል፣ ድዳቸው ያብጣል፣ ለሃጫቸው ይዝረከረካል፣ መብላት እምቢ ይላሉ። እዚህ ላይ የሚያሰጋው የውሃ ማነስ ነው፤ ቀዝቀዝ ያለ ነገር በትንሽ በትንሹ ማጠጣት፣ ሽንቱ ካነሰ ወደ ጤና ጣቢያ መውሰድ ይገባል።

በአንድ ትሪ መብላት ባህላችን ነው። ከመሳም ጋር ሲነጻጸር ከትሪ የሚመጣው ስጋት አነስተኛ ነው፤ ግን ጎራሽና አጉራሽ ጣትና ከንፈር ይነካካሉ። ምች የያዘው ሰው ለሳምንት ያህል በራሱ ሳህን ቢበላ፣ ባያጎርስ፣ ኩባያና ማንኪያውንም ቢለይ ይበቃል። ዕቃው በሳሙናና በሞቀ ውሃ ከታጠበ በኋላ ሌላው ሊጠቀምበት ይችላል። መፋቂያ፣ የጥርስ ብሩሽ፣ የከንፈር ቅባት፣ ምላጭና ፎጣ ግን መቼም ቢሆን የጋራ አይደሉም። ለውዱእ ውሃው ቁስሉን አይጎዳውም፣ ሳያሹ ማስነካት በቂ ነው። ችግሩ ከውዱእ በኋላ ሁሉም ፊቱን የሚያብስበት አንድ ፎጣ ነው። ኒቃብ የምትለብስ እህትም ቁስሉ እያዠ ባለበት ወቅት ጨርቁን በየቀኑ ብትቀይረው ጥሩ ነው።

ቁስሉን ነክቶ ዓይንን መንካት አደገኛ ነው። ቫይረሱ የዓይን ብሌን ሽፋንን አቁስሎ እይታን ሊጎዳ ይችላል። ዓይኑ የቀላ፣ ያመመውና ብርሃን ያስቸገረው ሰው በዕለቱ ሐኪም ይይ። ኤክዚማ ያለበት፣ የካንሰር መድኃኒት የሚወስድ ወይም ኤችአይቪ በደሙ ያለ ሰውም ምቹ እየሰፋ ከሄደ አይጠብቅ፤ ለጤነኛ ሰው ደግሞ ከ10 ቀን በላይ ካልዳነ መታየት ይኖርበታል።

ስለ ባልና ሚስት አንድ ነገር መናገር አለብን። በትዳር መካከል ድንገት ምች ሲወጣ «ከማን አመጣኸው» የሚል ጥርጣሬ የገባባቸው ቤቶች አሉ። ቫይረሱ ለዓመታት ሳይታወቅ ተኝቶ ሊቆይ ስለሚችል ዛሬ መውጣቱ ዛሬ መያዙን አያሳይም፤ በአብዛኛው ከልጅነት የቀረ ነው። ቁስሉ እስኪድን ግን መሳሳም ይቀራል። ይኸው የአፍ ቫይረስ በአፍ ንክኪ ወደ ብልት ሊተላለፍ ስለሚችል ያንንም በዚያ ጊዜ መተው ያስፈልጋል።

በረመዷንና በጉዞ

በጾም ወራት የእንቅልፍ ማነስና ድካም ምችን ሊያስነሱ ይችላሉ። ከንፈር ላይ የሚቀባ መድኃኒት ተልሶ እስካልተዋጠ ድረስ ጾም እንደማያፈርስ ዑለማኦች ይገልጻሉ። የሚዋጠውን ከኢፍጣር እስከ ሱሑር ባለው ጊዜ እንዴት እንደሚከፋፈል ሐኪሙን ጠይቁ፤ ከእነዚህ መድኃኒቶች ጋር ውሃ በደንብ መጠጣት ስለሚያስፈልግ በሌሊቱ ውሃ አታሳንሱ።

ለሐጅና ለዑምራ የምትሄዱ፣ ፀሐይ የሚቀሰቅስባችሁ ከሆነ ፀሐይ የሚከላከል የከንፈር ቅባት፣ መጠኑ 30 ወይም ከዚያ በላይ የሆነ፣ ያዙ። በኢሕራም ላይ ሽቶ ስለማይፈቀድ ስትገዙ ሽታ የሌለው መሆኑን አረጋግጡ፤ ፋርማሲ ውስጥ ያሉት ብዙዎቹ የቫኒላ ወይም የፍራፍሬ ሽታ አላቸው።