ከጎሊና እስከ በለስ

እስኪ ጋቢያችሁን ሰብሰብ አድርጋችሁ ስሙኝ። ሮቢትን የማታውቁ ካላችሁ፣ ከወልድያ ወደ ቆቦ ሲኬድ ጎብዬን እንዳለፋችሁ የምታገኟት የራያ ሜዳ ከተማ ናት፤ በምዕራብ የላስታ ተራራ፣ በምሥራቅ ዞብል፣ ከዞብል ማዶ አፋር። የሮቢት ገበሬ ሙቀት አይፈራም። ደጋው ላይ ዘንቦ የጎሊና ወንዝ ደፍርሶ ሲመጣ ጎርፉን ጠልፎ ማሽላው ላይ ይለቀዋል፤ ጎርፍ የቀረ ዓመት ደግሞ ሰማይ ሰማዩን ያያል።

እናም በ1976 ክረምቱ ከዳ፣ 1977 ሲብትም ሰዉ ወደ ቆረም መጠለያ ጎረፈ፣ መንግሥትም «ሰፈራ» አለ። ሁለት ዓመት ባልሞላ ጊዜ ውስጥ ወደ 600 ሺህ ሰው ወደ መተከል፣ ወደ አሶሳ፣ ወደ ጋምቤላ ተጫነ፤ ከግማሽ በላዩ የወሎ ሰው ነበር። ወዶ የሄደ አለ፣ ከገበያ ታፍሶ የሄደም አለ፤ እናት ወዲህ ልጅ ወዲያ የቀሩበትን ታውቁታላችሁና አላስረዝመውም።

ከሄዱት አንዱ፣ ስሙን ልተወውና፣ ሚስቱንና ልጆቹን ይዞ አውቶቡስ ላይ ወጣ። ከዚያም ደሴን አለፉ፣ ከዚያም አዲስ አበባን በመስኮት አዩ፣ ከዚያም ደጀን ሳይደርሱ የአባይ በረሃ አፉን ከፍቶ ጠበቃቸው፤ ልጆቹ አስመለሳቸው፣ ሚስቱ በነጠላዋ ጫፍ አፋቸውን እየጠረገች «አብሽሩ» ትላለች፣ ለራሷም ጭምር። ከዚያ ቡሬ፣ ከዚያ ቻግኒ፣ ከቻግኒ ወዲያ መንገዱ ጎማ የጠረገው ሳር ሆነና መኪናው እንደ ሰካራም እየተንገዳገደ ቁልቁል ወደ በለስ ወንዝ ሸለቆ፣ ወደ ፓዌ ወረደ። አውርደው የሰጧቸው መንደር ስም እንኳ አልነበረውም፤ ቁጥር ነበረው። ፓዌ ላይ ዛሬም ሰው መንደሩን በቁጥር ይጠራል።

ሰውዬው ሳሩን አየና ደስ አለው። ቁመቱ ከሰው ይበልጣል! ከብት ቢኖር፣ አለ። የፓዌ ዝናብ ከቆቦ ዝናብ ከእጥፍ በላይ ነው፤ እንዲህ ያለ ሳር የት አይቶ? የሽመል ጎጆውን በዚያው ሳር ከደነ፣ አጠገቡም ሳር ከመረ።

ጥር ላይ እሳቱ መጣ። መጀመሪያ ድምፁን ነው የሰሙት፣ ተኩስ መስሏቸው ልጆቹን መሬት ላይ አስተኙ፤ ለካ ሽመሉ ሲነድ እየፈነዳ ነው። ከዚያ ጭሱ ፀሐይዋን አቀላት፣ ከዚያ ፌንጣው ተመመ፣ ከፌንጣው ኋላ ወፎቹ። ሰዉ ቅጠል ያለው ቅርንጫፍ እየሰበረ ቢመታም ነፋሱ ከእነሱ ጋር አልነበረም። ነፍሳቸውን ይዘው ወጡ፤ ጎጆው ቀረ።

ያን ጊዜ ነው ነገሩ የተገለጠለት። ራያ ላይ የሚፈራው ዝናብ ሲቀር ነው፤ እዚህ ዝናቡ ሰጥቶ የሚሄደው ሳር ራሱ ጠላት ነው። የራያ ሜዳ እንዲህ የማይነደው ደግ ስለሆነ ሳይሆን ያን የሚያህል ሳር ስለማያበቅል ነው።

በሚቀጥለው ዓመት ኅዳር ላይ አንድ ጉሙዝ ሽማግሌ መንደሩ ዳር ቆመው አያቸው። የሚግባቡበት ቋንቋ አልነበራቸውም። ሽማግሌው ሳር ነቀሉ፣ አጠፉት፤ ታጠፈ እንጂ አልተሰበረም። ከዚያ አቧራ አንስተው በተኑና ነፋሱን አዩ፣ ቀኑ ወደ ምሽት ሲያዘነብል ሳሩን ለኮሱት። እሳቱ ዝግ ብሎ፣ እየዘለለ፣ እርጥቡን እየተወ ሄደና ጤዛ ሲወርድ ጠፋ። የነደደው መሬት ጥር ላይ ለሚመጣው እሳት የሚበላው አላስቀረለትም። በሰሜን አውስትራሊያም ነባሮቹ ሕዝቦች ይህንኑ ሲያደርጉ ኖረው፣ ሲከለክላቸው የነበረው መንግሥት ዞሮ ከእነሱ ተምሯል። እኛ ዘንድ በ2011 የሰሜን ተራሮች ፓርክ ሲነድ ከኬንያ ሄሊኮፕተር፣ ከእስራኤል እሳት አጥፊ መጣ፤ መምጣታቸው ደግ፤ ግን እሳት ከገነነ በኋላ ያለው ሥራ ምን ጊዜም ውድ ነው።

የፓዌን መሬት «ባዶ ነው» ብለው ነበር ለሰፋሪዎቹ የሰጧቸው። የእኚህ ሽማግሌ ነበር። ልብ በሉ፣ ተቀምተው ሳለ ነው ያስተማሩት፤ በኋላ ሰፋሪና ጉሙዝ ደም የተቃቡበት ዘመንም መጣ፣ ያም እውነት ነው።

ከዚያ 1983 ደረሰ፣ ደርግ ወደቀ፣ ብዙው ሰፋሪ ወደ ወሎ መንገድ ጀመረ፣ ገሚሱ በእግሩ። ሰውዬው ሮቢት ሲገባ እርሻውን ሌላ ሰው ይዞት አገኘው፤ ቆይቶ ከዘመድ ጋር እኩል ማረስ ጀመረ። ማሽላው ሲቆረጥ የራያ ሰው አገዳውን ከቤቱ ጥግ ይከምራል፣ ለከብቱም ለምድጃውም ይቀርባልና። እሱ ግን እርሻ ዳር ወስዶ ይከምረዋል፣ ዙሪያውንም በዶማ ልጭት ያደርገዋል። ጎረቤቶቹ «እዚህ ደግሞ ምን ይነዳል?» እያሉ ይስቁበታል፤ ሚስቱም አገዳ በመሸከም ወገቧ ተቆረጠ እያለች ታማርራለች፤ እሱ አብሯቸው ይስቅና በበነጋው ዶማውን ይዞ ይወጣል።