በአያቷ የተመዘነች መኪና

ሰሞኑን ሻርጃ ከሚኖር የድሮ ተማሪዬ አንድ ፎቶ ደረሰኝ። ልጁ እዚያ ጋራዥ ውስጥ የቦዲ ሥራ ነው የሚሠራው። ፎቶው ላይ ያለችው ግራጫ ጃጓር ኤፍ-ታይፕ ኩፔ ናት፣ የኋላ ጎኗ ላይ ተጋጭታ የገባች። ከሥሩ የድምፅ መልእክት አለ፦ «ቲቸር፣ እስቲ ይቺን ይዩልኝ። እዚህ ግማሹ ሰው ከፖርሽ ትበልጣለች ይላል፣ ግማሹ ደግሞ መልክ ብቻ ናት ይላል። እርስዎ ታሪክ አዋቂ ነዎት፣ ይፍረዱን።»

እኔ እንግዲህ በሕይወቴ የነዳሁት ፈጣን መኪና የአጎቴ ቪትዝ ናት። ስለ ፍጥነት ልፈርድ አልችልም። ነገር ግን ጥያቄውን ሳስበው «መልክ ብቻ ናት» የሚለው ክስ ለዚች መኪና አልተጀመረም፤ ዘጠና ዓመት ያለፈው ክስ ነው። በድምፅ ልመልስለት ጀምሬ አላልቅ ስላለኝ እዚህ ጻፍኩት። ረዘም ይላል፣ ቡና ያላችሁ ይዛችሁ ተቀመጡ። ዓመቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ነገሩ የሚጀምረው ከሞተር ሳይክል ጎን ከሚገጠም የሰው መቀመጫ ነው። በ1922 ብላክፑል በምትባል የእንግሊዝ የባሕር ዳር ከተማ ዊልያም ላይንስ የተባለ የ21 ዓመት ወጣት ከዊልያም ዋምስሊ ጋር ሆኖ «ስዋሎው ሳይድካር» የሚባል ድርጅት አቋቋመ። ቀጥለው ወደ መኪና ገቡ፤ የሌላ ፋብሪካ ሻንሲ ይገዙና የራሳቸውን ቆንጆ ቦዲ ያለብሱታል። በ1931 ኤስኤስ 1 የምትባል መኪና አወጡ። ኮፈኗ ረጅም፣ ጣራዋ ዝቅ ያለ፣ ሲያዩዋት የሀብታም መኪና የምትመስል፤ ዋጋዋ ግን መካከለኛ። ሞተሯ ያን ያህል አልነበረም። «ስትታይ እንጂ ስትሄድ ፈጣን አይደለችም» የሚለው ወሬ ያኔ ተጀመረ።

በነገራችን ላይ ድርጅቱ እስከ ሁለተኛው የዓለም ጦርነት መጨረሻ ድረስ ስሙ ኤስኤስ ነበር። የሂትለር ኤስኤስ ምን እንዳደረገ ዓለም ካወቀ በኋላ በዚያ ስም መኪና መሸጥ አይታሰብም። ስለዚህ በ1945 ቀድሞ የአንድ ሞዴል መጠሪያ የነበረውን «ጃጓር» የድርጅቱ ስም አደረጉት። (የ10ኛ ክፍል ልጆቼ፣ ይኼ ፈተና ላይ አይመጣም።)

ላይንስ መሐንዲስ አልነበረም። ያለው ዓይን ነው። የሚያስበውን መኪና በሙሉ መጠኑ በእንጨትና በላሜራ ያሠራል፣ ቤቱ ግቢ ያስመጣዋል፣ በቀን ብርሃን እየዞረ ያየዋል። ካልጣመው ይቆረጣል፣ ይቀጠላል። በ1948 ለንደን ላይ ያሳያት ኤክስኬ120 በዚህ ዓይነት የተወለደች ናት። የስሟ ቁጥር 120 ማይል በሰዓት፣ ማለትም 193 ኪሎ ሜትር ትሮጣለች ማለት ነው። ማንም አላመነም፤ «አሁንም መልክ ነው» ተባለ። ላይንስ ምን አደረገ? በ1949 ጋዜጠኞቹን ሰብስቦ ቤልጂየም ውስጥ ያበከ የሚባል ቦታ ወሰዳቸውና ቀጥ ባለው አውራ ጎዳና ላይ መኪናዋን አስነዳለት። 132 ማይል፣ 213 ኪሎ ሜትር ገደማ! ከዚያም በ1950ዎቹ ጃጓር የለ ማን 24 ሰዓት ውድድርን አምስት ጊዜ አሸነፈ። ለተወሰኑ ዓመታት ሰው አፉን ያዘ።

አሁን ወደ አያትየዋ እንምጣ። መጋቢት 1961፣ ጄኔቫ። ጃጓር ኢ-ታይፕን አሳየ። ሊያያትና ሊሞክራት የተሰለፈው ሕዝብ በአንድ መኪና የሚዳረስ ስላልሆነ ሁለተኛ መኪና ከኮቨንትሪ እንዲመጣ ተደወለ። የፋብሪካው ሞካሪ ሹፌር ኖርማን ዱዊስ ሌሊቱን ሙሉ ነድቶ በማግስቱ ጄኔቫ ደረሰ። ከዋጋዋ ጋር የሚያወዳድሯት ፌራሪና አስተን ማርቲን እጥፍ ያህል ያስከፍሉ ነበር።

ቅርጿን ያወጣው ማልኮም ሴየር ነው፤ በጦርነቱ ጊዜ ብሪስቶል የአውሮፕላን ፋብሪካ የሠራ፣ የነፋስ ነገር የገባው ሰው። «ስታይሊስት» መባልን አይወድም ነበር። ዛሬ «እንደ ሴት ገላ» ምናምን እያሉ የሚገጥሙላትን ኩርባ እሱ በሒሳብ ነው ያወጣው፤ ነጥብ በነጥብ እያሰላ። ቁንጅናዋ የስሌት ውጤት ነው። ሒሳብ ለምን እንማራለን ለምትሉ፣ ይኸውላችሁ።

ግን አንድ ነገር ልናዘዝ። 240 ኪሎ ሜትር በሰዓት ትሮጣለች ተብሎ የታወጀላት ፍጥነት ለጋዜጠኞች ተብሎ በተለየ ሁኔታ በተዘጋጀች መኪና የተገኘ ነው። ደንበኛ የሚገዛት ከዚያ ዝቅ ትላለች። ወረድ ብለን ዘመን ስንቆጥር ደግሞ፣ በ1960ዎቹ መጨረሻ የአሜሪካን ደንብ ለማሟላት ሲባል የፊት መብራቷን የሸፈነው መስታወት ተነሣ፣ ቆየት ብሎ አፏ ሰፋ፣ በ1971 ከባድ ባለ 12 ሲሊንደር ሞተር ተጫነባት። አፍቃሪዎቿ እስከ ዛሬ «ዓይኗን አወጡት» እያሉ ያዝናሉ። በ1974 ስትቆም ከ72 ሺህ በላይ ተሠርታለች። በ1996 ደግሞ ኒውዮርክ ያለው የዘመናዊ ጥበብ ሙዚየም አንዷን ወስዶ አስቀመጣት።

ሙዚየም ከገባች አያት ጋር መወዳደር ምን ማለት እንደሆነ አስቡት። የመጀመሪያዋ ተጎጂ ኤክስጄ-ኤስ ናት። በ1975 ስትወጣ ሰው ሌላ ኢ-ታይፕ ይጠብቅ ነበር። የመጣችው ግን ሰፊ፣ ለስላሳ አነዳድ ያላት፣ ከጣራዋ ወደ ኋላ እንደ ክንፍ የሚወርዱ ሁለት ላሜራዎች ያሏት መኪና ናት። አስቀያሚ ተባለች። ሰውዬው ሴየር እንኳ አልደረሰላትም፤ በ1970 ሞቷል። ታዲያ ይቺ «አስቀያሚ» እስከ 1996 ድረስ ተሠራች፤ ከ115 ሺህ በላይ። ከአያትየዋ በ40 ሺህ ገደማ ትበልጣለች። እኔን ሁልጊዜ የሚገርመኝ ይኼ ቁጥር ነው፤ የተሰደበችው በቁጥር አሸነፈች፣ የተመሰገነችው ሙዚየም ገባች።

ጃጓር የኢ-ታይፕን እውነተኛ ተተኪ ለመሥራት ብዙ ጊዜ ሞክሯል። በ1980ዎቹ የጀመሩትን ፎርድ ድርጅቱን ከገዛ በኋላ በ1990 ሰረዘው። (ያ የተጣለ ሥራ በሌላ እጅ ተከልሶ አስተን ማርቲን ዲቢ7 ሆኖ ወጣ።) በ2000 ዲትሮይት ላይ ኤፍ-ታይፕ የሚል ስም የያዘች የሙከራ መኪና ታየች፤ እሷም ቀረች። በ2008 ድርጅቱ ለሕንዱ ታታ ተሸጠ። የድሮ ቅኝ ተገዢ የድሮ ገዢውን ጌጥ ገዛ፤ ለብቻው አንድ ክፍለ ጊዜ የሚወስድ ርዕስ ነው። ኤፍ-ታይፕ እውነት የሆነችውም በሕንዶቹ ገንዘብ ነው፤ ጣራዋ የሚታጠፈው በ2012 መጨረሻ ታየች፣ ኩፔዋ፣ ማለትም ጣራዋ የማይነሣው፣ በ2013 መጨረሻ። ትገጣጠም የነበረው በርሚንግሃም አጠገብ ካስል ብሮሚች በሚባል ፋብሪካ ነው፤ በጦርነቱ ጊዜ ከ10 ሺህ በላይ የስፒትፋየር ተዋጊ አውሮፕላኖች የወጡበት ቦታ።

የዲዛይኑ ኃላፊ የነበረው ኢያን ካለም ይባላል፤ ስኮትላንዳዊ ነው። ያንን ዲቢ7ም ቅርጽ ያወጣው እሱ ራሱ ነው። ካለም የ14 ዓመት ልጅ ሳለ የሣላቸውን መኪኖች በፖስታ ለጃጓር ልኮ ሥራ ጠይቋል። መልስ ጻፉለት። ይኼን ያነበብኩ ቀን ትንሽ አመመኝ። ምክንያቱም ሻርጃ ያለው ልጅ 10ኛ ክፍል ሳለ የታሪክ ደብተሩን ከኋላ ጀምሮ በመኪና ሥዕል ሞልቶት ነበር። እኔ ስለ በርሊን ጉባኤ እያስተማርኩ እሱ ጎማ ያከባል። ደብተሩን ነጥቄ ክፍሉ ፊት አንሥቼ አሳየሁት፣ አሳቅሁበትም። አንድ ሰሚስተር ሙሉ ጠረጴዛዬ መሳቢያ ውስጥ ነበር።

እሺ፣ ክሱን እንስማ። መልኳን በተመለከተ ብዙም ጠብ የለም። በ2013 የዓለም የዓመቱ ምርጥ የመኪና ዲዛይን ሽልማት አገኘች። ኩፔዋ ከታጣፊዋ ትበልጣለች በሚለው አብዛኛው አፍቃሪ ይስማማል፤ እኔም። ጣራዋ ወደ ኋላ ተንሸራቶ የኋላ ጎማው ትከሻ ላይ የሚያርፍበት ቦታ አለ፤ ከዚያ ቀጭኑ የኋላ መብራት ይመጣል፣ እሱ በቀጥታ ከአያትየዋ የተወሰደ ነው። የኩፔዋ ጎን ከፊት እስከ ኋላ ከአንድ ወጥ አሉሚኒየም ተጨፍልቆ የወጣ ነው፣ መጋጠሚያ የለውም። ተማሪዬ የሚያማርረውም በዚሁ ነው፦ «ቲቸር፣ እንደ ብረት ላሜራ በመዶሻ አትመለስም። ሙጫና ሪቬት ናት። አንድ ቦታ ሲገባ ሙሉ ጎኑ ይጨነቃል።» ውበቷ ለሠራተኛ ዕዳ ነው።

ጠቡ ያለው አካሄዷ ላይ ነው። አር የምትባለው ኩፔ ባለ 5 ሊትር፣ ባለ 8 ሲሊንደር፣ 550 የፈረስ ጉልበት ናት። ከቆመችበት 100 ኪሎ ሜትር ለመድረስ 4 ሰከንድ ገደማ ይበቃታል፤ ጣሪያዋ 300 ላይ ተገድቧል። በ2016 የመጣችው ኤስቪአር 322 ትደርሳለች። ይኼ «መልክ ብቻ» አይባልም መቼም! ድምጿን ደግሞ ጠላቶቿም ይመሰክሩላታል፤ ነዳጅ ሲለቀቅላት ከማርሚታዋ የሚወጣው እንደ ተልባ የሚንጣጣ ነገር። ጎረቤት ላላት ሰው ግን አልመክርም።

ተቃዋሚዎቹ የሚሉትም ውሸት አይደለም። መላ አካሏ አሉሚኒየም ሆኖ ሳለ ከባድ ናት፤ አሯ 1,650 ኪሎ ገደማ ትመዝናለች፣ የዘመኗ ፖርሽ 911 ከ200 ኪሎ በላይ ትቀላለች። ኩርባ በበዛበት መንገድ ላይ ክብደት አይደበቅም። በኋላ ጎማ ብቻ የምትገፋዋ አር ዝናብ ላይ ጅራቷን ትወረውራለች፤ አንዳንዱ ይኼን ጉድለት ይለዋል፣ አንዳንዱ ደግሞ የገዛኋት ለዚሁ ነው ይላል። የኋላ መቀመጫ የላትም፤ 911 ትንሽም ብትሆን አላት።

አፍቃሪዎቹም አያስተማምኑም። በእጅ ማርሽ ይሠራልን ብለው ጮኹ፤ በ2015 ለባለ 6 ሲሊንደሯ ተሠራላቸው፤ ገዢው ጥቂት ስለነበር ከጥቂት ዓመት በኋላ ቀረ። በ2017 ባለ 4 ሲሊንደር ስትመጣ ስሙን አዋረዱት አሉ፤ ነድተው የጻፉት ሰዎች ግን አፍንጫዋ ስለቀለለ ስትታጠፍ ታዛዥ ሆናለች አሉ። ከዚያ ለ2020 የፊት መብራቷ ቀጭን ሆኖ ሲቀየር ምን ተባለ መሰላችሁ? «ዓይኗን አበላሹት!» ከሃምሳ ዓመት በፊት ለአያትየዋ የተለቀሰው ልቅሶ፣ ቃል በቃል። እኔ በበኩሌ የመጀመሪያዋን ቁልቁል የቆመ ዓይን ነው የምመርጠው፤ ግን ያዘንኩት ለእሷ ይሁን ለድሮው ወሬ አላውቅም።

ገበያው የራሱን ፈረደ። ፖርሽ በቅርብ ዓመታት በዓመት ከ30 ሺህ በላይ 911 ሲሸጥ ኤፍ-ታይፕ በምርጥ ዓመቷ እንኳ የዚያን ግማሽ አላየችም። ሁሉም ያደንቃታል፣ ፎቶዋን ያነሣል፣ ከዚያ ሄዶ ፖርሽ ይገዛል። ጃጓር በ2021 ወደ ኤሌክትሪክ ብቻ እንደሚዞር አስታወቀ፤ በ2024 የመጨረሻዋ ኤፍ-ታይፕ ከካስል ብሮሚች ወጣች። ምትክ አልተሠራላትም።

እንግዲህ ፍርዴ፦ ሁለታችሁም የጋራዥ ወገኖች ተሳስታችኋል። ከፖርሽ አትበልጥም፤ ፖርሽ የተሻለ መሣሪያ ነው። መልክ ብቻም አይደለችም፤ መልክ ብቻ የነበረችው የ1931ዷ ናት፣ ያ ዕዳ በ1949 ያበከ ላይ ተከፍሏል። የዚች ችግር ሰው እሷን እያየ የሚያስበው ስለ 1961 መሆኑ ነው። ኤክስጄ-ኤስ አያቷን ለመምሰል ስላልሞከረች ተሰድባም ሃያ ዓመት በላይ ኖረች። ኤፍ-ታይፕ ስሟን ጭምር ከአያቷ ቀጥላ ወሰደችና በአሥራ አንድ ዓመቷ ቆመች።

ይኼን ባጭሩ በድምፅ ላክሁለት። በማግስቱ መልስ መጣ፦ «ቲቸር፣ እሺ። ግን ደብተሬን አልመለሱልኝም።» ዕረፍት ሲሆን ትምህርት ቤት ሄጄ መሳቢያውን ፈልጌያለሁ፤ ጠረጴዛው ተቀይሯል። ያቺን ክፍል ከእሱ ጋር የተማራችሁ ልጆች እዚህ ካላችሁ፣ ሰማያዊ ሽፋን ያለው ደብተር ነው፣ ከኋላ በኩል ይጀምራል። ያየ ሰው በውስጥ መስመር ይጻፍልኝ።