የኮንግረስ አባላት ለመራጮቻቸው የሚያቀርቡት ዘገባ

የኮንግረስ አባላት ለመራጮቻቸው የሚያቀርቡት ዘገባ በዩናይትድ ስቴትስ ኮንግረስ ያለ የሕዝብ ተወካይ በዋሽንግተን ዲሲ የሠራውን ለመረጠው ሕዝብ የሚያሳውቅበት ልማድ ነው። ዘገባው በደብዳቤ፣ በሕዝብ ስብሰባ፣ በስልክ፣ በኢሜይልና በማኅበራዊ ሚዲያ ይቀርባል። አባሉ ይህን እንዲያደርግ የሚያስገድድ አንቀጽ በአገሪቱ ሕገ መንግሥት የለም፤ ይሁንና ልማዱ ከመጀመሪያዎቹ የኮንግረስ ዓመታት ጀምሮ የቆየ ነው። ዘገባው ሁለት ጠባይ አለው። በአንድ በኩል ተወካዩ ለሕዝብ ተጠያቂ የሚሆንበት መንገድ ነው፤ በሌላ በኩል ለሚቀጥለው ምርጫ ስሙን የሚያስተዋውቅበት መሣሪያ ነው። ስለ ጉዳዩ የወጡት ሕጎች አብዛኞቹ እነዚህን ሁለቱን ለመለየት የታሰቡ ናቸው። በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ በጎርጎርዮስ አቆጣጠር ናቸው።

የአባሉ ሥራ

ኮንግረስ ሁለት ምክር ቤቶች አሉት። የተወካዮች ምክር ቤት ለሁለት ዓመት የሚመረጡ 435 ድምፅ ሰጪ አባላት አሉት። ሴኔት ከ50ዎቹ ግዛቶች ሁለት ሁለት ሆነው ለስድስት ዓመት የሚመረጡ 100 አባላት አሉት። ከ2020 የሕዝብ ቆጠራ ወዲህ አንድ የተወካዮች ምክር ቤት አባል በአማካይ ወደ 760,000 ሰዎችን ይወክላል።

አባሉ ረቂቅ ሕግ ያቀርባል፣ በኮሚቴዎች ይሠራል፣ በጀት ያጸድቃል፣ አስፈጻሚውን የመንግሥት አካል ይቆጣጠራል። ከሚቀርቡት ረቂቆች አብዛኞቹ ከኮሚቴ ሳይወጡ ይቀራሉ። ስለዚህ የሥራው ትልቁ ክፍል ከመራጩ ዓይን ርቆ የሚከናወን ነው፤ ዘገባ የሚያስፈልገውም በዚህ ምክንያት ነው።

ሌላው ሥራ የነዋሪዎችን ጉዳይ መከታተል ነው። ጡረታው የተጓደለበት፣ የቀድሞ ወታደር ሆኖ ሕክምና የዘገየበት፣ ወይም ለቤተሰቡ ያመለከተው ቪዛ መልስ ያላገኘ ሰው ለተወካዩ ቢሮ ማመልከት ይችላል። ቢሮው የሚመለከተውን መሥሪያ ቤት ይጠይቃል፣ መልስ እንዲሰጥም ይወተውታል እንጂ ውሳኔውን ማዘዝ አይችልም። በ1974 በወጣው የግል መረጃ ጥበቃ ሕግ ምክንያት ቢሮዎቹ አስቀድመው የአመልካቹን የጽሑፍ ፈቃድ ይጠይቃሉ።

ታሪክ

በ18ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ፣ በተለይ ከደቡብና ከምዕራብ የመጡ ተወካዮች የኮንግረሱን ውሎ የሚተርክ ደብዳቤ አሳትመው ወደየወረዳቸው ይልኩ ነበር። ጋዜጣ በማይደርስበት አካባቢ እነዚህ ደብዳቤዎች ዋና የወሬ ምንጭ ነበሩ።

በግንቦት 1797 በሪችመንድ፣ ቨርጂኒያ የተሰበሰበ የፌዴራል ግራንድ ጁሪ (ክስ የሚያቀርብ የዜጎች ጉባኤ) የተወካዩን ሳሙኤል ካቤልን ደብዳቤዎች መንግሥትን የሚያጠለሹ ናቸው ሲል በይፋ ነቀፈ። በወቅቱ ምክትል ፕሬዚዳንት የነበረው ቶማስ ጄፈርሰን ስሙን ሳይገልጽ የተቃውሞ አቤቱታ አዘጋጀ። ክርክሩም በተወካይና በመራጮቹ መካከል ያለው ግንኙነት ነፃ ካልሆነ፣ ሕዝቡ በወኪሉ ላይ ሊፈርድ አይችልም የሚል ነበር። ካቤል ለፍርድ አልቀረበም።

በቀጣዩ ዓመት ግን የቨርሞንት ተወካይ ማቲው ላየን በጋዜጣ በወጣ ደብዳቤው ፕሬዚዳንት ጆን አዳምስን ተችቷል በሚል መንግሥትን ማጥላላት በሚከለክለው የ1798 ሕግ ተከሰሰ። አራት ወር እስራትና 1,000 ዶላር መቀጮ ተፈረደበት። በእስር ላይ እያለ መራጮቹ መልሰው መረጡት። ሕጉም በ1801 ጊዜው አለፈ።

ነፃ የፖስታ መብት

አባላት በቴምብር ፋንታ ፊርማቸውን ተጠቅመው የሥራ ደብዳቤ የሚልኩበት መብት «ፍራንክ» ይባላል። ከእንግሊዝ ፓርላማ የተወረሰ ሲሆን፣ በአሜሪካ ከ1775 ጀምሮ ተሠርቶበታል። በ1873 ተሰርዞ፣ በዚያው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ደረጃ በደረጃ ተመልሷል። «ነፃ» ቢባልም ወጪው ከሕዝብ ግብር ለፖስታ ቤት ይከፈላል።

ተቺዎች መብቱ በሥልጣን ላይ ያለውን ሰው ከተፎካካሪው ያስበልጣል ይላሉ፤ ተፎካካሪው ለእያንዳንዱ ደብዳቤ ከኪሱ ይከፍላልና። በ1973 የወጣው ሕግ በነፃ ፖስታ ድምፅ ወይም የምርጫ ገንዘብ መጠየቅን፣ የበዓል መልካም ምኞት ካርድ መላክንና አባሉን በግል የሚያወድስ ጽሑፍን ከልክሏል። ከ500 በላይ ተመሳሳይ ቅጂ ያለው መልእክት የጅምላ ደብዳቤ ተብሎ ተጨማሪ ገደብ ይጣልበታል። አባሉ ዕጩ ከሆነ ከምርጫው በፊት ባሉት 60 ቀናት የጅምላ ደብዳቤ መላክ አይችልም፤ በተወካዮች ምክር ቤት ገደቡ ቀደም ሲል 90 ቀን ነበር።

የሕግ ከለላ ወሰን

ሕገ መንግሥቱ አባላት በምክር ቤት ውስጥ በተናገሩት በፍርድ ቤት እንዳይጠየቁ ይከላከላል። ይህ ከለላ ለመራጮች የሚላክን ጽሑፍ ይጨምር እንደሆነ በ1979 ተወስኗል። የዊስኮንሲኑ ሴናተር ዊልያም ፕሮክስማየር የመንግሥት ገንዘብ ባክኖበታል ያለውን ምርምር በምክር ቤት ንግግሩ፣ በጋዜጣዊ መግለጫና ለመራጮች በሚልከው ደብዳቤ ነቅፎ ነበር። ተመራማሪው በስም ማጥፋት ከሰሰው። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በምክር ቤት የተደረገው ንግግር የተጠበቀ መሆኑን፣ ደብዳቤውና መግለጫው ግን ከለላ እንደሌላቸው ወሰነ። ለመራጭ ማሳወቅ ጠቃሚ ቢሆንም ሕግ የማውጣት ሥራ አካል አይደለም የሚለው የውሳኔው መሠረት ነው።

ዘገባን ማመዛዘን

የፖለቲካ ሳይንስ ሊቁ ዴቪድ ሜይሂው በ1974 ባሳተመው መጽሐፍ፣ ዳግም መመረጥ የሚፈልግ አባል ሦስት ነገሮችን እንደሚያዘወትር ጽፏል፦ ስሙን ማስተዋወቅ፣ ለመልካም ውጤት ምስጋናውን መውሰድ፣ አቋሙን ማሳወቅ። ሦስቱም በአንድ ደብዳቤ ውስጥ ሊገኙ ይችላሉ።

ስለዚህ አንባቢ ዘገባን ከይፋ መዝገብ ጋር ማነጻጸር ይኖርበታል። ረቂቅ «ማቅረብ»፣ በሌላ ሰው ረቂቅ ላይ በደጋፊነት መፈረምና ሕግ ማጽደቅ የተለያዩ ናቸው። ለምሳሌ በሚያዝያ 2018 የተወካዮች ምክር ቤት በኢትዮጵያ የሰብአዊ መብት ይዞታ ላይ ቁጥር 128 የተሰኘውን የአቋም መግለጫ አጽድቋል። ለዚህም ትውልደ ኢትዮጵያውያን መራጮች ተወካዮቻቸውን ሲወተውቱ ቆይተው ነበር። ይሁን እንጂ እንዲህ ያለው መግለጫ የአንዱን ምክር ቤት አቋም ብቻ የሚገልጽ በመሆኑ ወደ ፕሬዚዳንቱ አይላክም፤ ሕግም አይሆንም። በድምፅ ጩኸት ብቻ የጸደቀ በመሆኑም ማን እንደደገፈና ማን እንደተቃወመ የሚያሳይ የስም ዝርዝር የለውም። በሕገ መንግሥቱ መሠረት ከተገኙት አባላት አንድ አምስተኛው ሲጠይቁ እያንዳንዱ ድምፅ በስም ይመዘገባል። ተወካዩ በዘገባው ያላነሳውን ድምፅ መራጩ ሊያገኘው የሚችለው ከዚህ መዝገብ ነው።