ባሌስትራ፦ የጅማ የቡና መንገድ ስለ ክብደት ያስተማረው

በጅማ የቡና ገበያ አንድ ፈረሱላ 17 ኪሎ ነው። በዚህ ሚዛን 102 ኪሎ የሚመዝን ሰው ስድስት ፈረሱላ ይሆናል። ይህ ባለ ስድስት ፈረሱላ ሰው ርካሽ ማውንቴን ሳይክል ገዝቶ ከጅማ ወደ ሰቃ ጮቆርሳ፣ ወይም ከአጋሮ ወደ ጌራ በገጠሩ መንገድ ቢወጣ፣ የፊት ሹካው ሞላ ገና በመጀመሪያው ትልቅ ጉድጓድ ጨርሶ ይጨመቅና ብረት ከብረት ይላተማል። ምቱን የሚቀበሉት የእጁ አንጓና ትከሻው ናቸው። ገዢው "ሳይክሉ የማይረባ ነው" ብሎ ያማርራል፤ ሻጩ "አንተ ነህ የከበድከው" ይለዋል። ሁለቱም አንድ ጥያቄ ዘለዋል፦ ይህ ሞላ የተሠራው ለስንት ኪሎ ነው?

የቡናው አገር ይህን ጥያቄ ከመቶ ዓመት በላይ ሲጠይቀው ኖሯል። ተሸካሚው ተለዋወጠ እንጂ ጥያቄው አልተለወጠም።

በዳግማዊ አባ ጅፋር ዘመን (ከ1870 እስከ 1924 ዓ.ም.) የጅማ ንግድ ልብ ሂርማታ ነበር። ከዚያ ተነስቶ የጊቤን ሸለቆ ተሻግሮ ወደ ሸዋ የሚዘልቀው ሸክም የሚጓዘው በበቅሎና በፈረስ ጀርባ ነው። በዚያ ጉዞ ላይ የነጋዴው ሀብት ቡናው ብቻ አልነበረም፤ የበቅሎዋ ጀርባም ሀብቱ ነው። ጀርባዋ የተገጠበ በቅሎ መንገድ ላይ ትቀራለች፤ እሷ ስትቀር ጭነቱም ይቀራል። ስለዚህ ጫኚ የሚባለው ሰው ሙያው ሁለት ነገር ማወቅ ነበር፦ ሸክሙን ግራና ቀኝ ማመዛዘንና ለሸክሙ የሚመጥን መደላድል ማድረግ። መደላድሉ ከሳሳ ጀርባ ይቆስላል፤ ከመጠን በላይ ከወፈረ ደግሞ ጭነቱ ይዋልላል። የመደላድሉ ልክ የሚታወቀው ከሸክሙ ነው።

ከዚያ ጣልያን መጣ። ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. በነበረው ወረራ ጅማን የደቡብ ምዕራቡ ግዛቱ ዋና ከተማ አደረጋት፤ መንገድ ጠረገ፣ ከባድ ካሚዮን አስገባ። ወራሪው በአምስት ዓመቱ ቢባረርም የጋራዡ ቋንቋ ቀረ። ጎማ፣ ፍሬን፣ ቸርኬ፣ ሞላ፣ ባሌስትራ፤ ሁሉም የጣልያንኛ ቃላት ናቸው። ባሌስትራ በጣልያንኛ መጀመሪያ የጦር መሣሪያ ስም ነው፤ በእንጨት ላይ ተጋድሞ የሚወጠር ቀስት። ከመኪናው ሥር ተደራርቦ የሚታሰረው የብረት ቅጠል ቀስት ስለሚመስል ስሙን ወሰደ።

ከነፃነት በኋላ በ1943 ዓ.ም. ኢትዮጵያ ለአውራ ጎዳናዎቿ ጥገና ከዓለም ባንክ 5 ሚሊዮን ዶላር ተበደረች፤ በዚያው ዓመት የአውራ ጎዳና ባለሥልጣን ተቋቋመ። መንገዱ ሲሻሻል ካሚዮኑ በዛ። በኋላ ዘመን ሕዝቡ "ኤንትሬ" እያለ የሚጠራው ፊያት 682 ኤን 3 የኢትዮጵያ የጭነት መንገድ ምልክት ሆነ፤ ቀጥሎ አይሱዙ መጣ። እነዚህ መኪኖች ከፋብሪካ የወጡት በተወሰነ ጭነት ልክ ነው። ባለንብረቱ ግን የሚያስበው በኩንታል ነው፤ ከፋብሪካው ልክ በላይ ይጭናል። መኪናው ከኋላ ሲወድቅበት ወደ ጋራዥ ይሄድና ባሌስትራ ያስጨምራል።

የጋራዡ ጥበብ እዚህ ላይ ነው። የባሌስትራ ቅጠሎች ርዝመታቸው ይለያያል። ተጨማሪው ረዳት ቅጠል ባዶ መኪና ላይ ሥራ ፈት ነው፤ ጭነቱ ሲከብድ ብቻ ከሌሎቹ ጋር ገጥሞ ይሸከማል። በልክ የተጨመረ ቅጠል መኪናውን ያድነዋል። "ጨምርበት፣ ጨምርበት" ተብሎ ከልክ ያለፈ ግን ሞላነቱን አጥቶ ድፍን ብረት ይሆናል። ያኔ መንገዱ የሚልከውን ምት ሻንሲው ይቀበለዋል፤ ሻንሲው ይሰነጠቃል። ስለዚህ ጥሩ መካኒክ ቁልፍ ከማንሳቱ በፊት "ምን ትጭናለህ? በየት መንገድ?" ብሎ ይጠይቃል። ከጫኚው የወረሰው ጥያቄ ነው።

ብስክሌቱ ግን ይህን ጥያቄ ሳይጠየቅ ነው የመጣው።

ኢትዮጵያ በ1949 ዓ.ም. ሜልቦርን ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ በኦሊምፒክ ስትሳተፍ ከሯጮቿ ጋር ብስክሌተኞችም ነበሯት። የእነሱ ብስክሌት ሞላ የለውም፤ አስፋልት ላይ አያስፈልገውም። ሞላ ያለው ሹካ ከተራራ ብስክሌት ጋር የታወቀው በአሜሪካ ነው። ፖል ተርነር የመሠረተው ሮክሾክስ የተባለ ድርጅት ሹካውን ለገበያ አቀረበ፤ እ.ኤ.አ. በ1990 በኮሎራዶዋ ዱራንጎ በተካሄደው የመጀመሪያው ይፋዊ የዓለም ሻምፒዮና ኔድ ኦቨረንድ በአገር አቋራጭ፣ ግሬግ ኸርቦልድ በቁልቁለት ውድድር በዚሁ ሹካ አሸነፉ።

ያ ሹካ ውስጡ አየርና ዘይት ነበረው። አየሩ እንደ ሞላ ይሸከማል፤ ዘይቱ ደግሞ ሞላው ሲመለስ እንዳይረግጥ ይገታዋል። አየር በፓምፕ ስለሚጨመርና ስለሚቀነስ አንዱ ሹካ ለአራት ፈረሱላ ሰውም ለስድስት ፈረሱላ ሰውም ይስተካከላል። ዋጋው እንዲቀንስ ተብሎ በርካሽ ሳይክሎች ላይ የመጣው ሹካ ግን አብዛኛውን ጊዜ መልኩን ይዞ ይህን ጥቅም ጣለው። አየሩ በአንድ የብረት ሞላ ተተካ፤ ዘይቱ ቀረ። ሞላው የተመጠነው ለአማካይ ሰው ነው። ከአማካዩ የከበደ ሰው ሹካ ያለው ይመስለዋል እንጂ የለውም።

ታዲያ ባለ ስድስት ፈረሱላው ሰው ምን ያድርግ? "ውድ ሳይክል ግዛ" ማለት ቀላል ነው። ነገር ግን ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህ፣ 57 ብር አካባቢ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ 100 ብርን ተሻግሯል። ሹካ ደግሞ በዶላር የሚመጣ ዕቃ ነው። ስለዚህ ከርካሹ መጀመር ይሻላል።

መጀመሪያ መለካት ነው። ይህ ገንዘብ አይጠይቅም። በሹካው ቱቦ ላይ ክር ያስሩና ወደ ታች አስጠግተው፣ እንደ ልማድዎ ለብሰውና ይዘው ቀስ ብለው ይቀመጣሉ፤ ሳይነቀንቁ ወርደው ክሩ ስንት እንደተገፋ ያያሉ። 100 ሚሊ ሜትር የሚወርድ ሹካ በመቀመጥ ብቻ ከ20 እስከ 25 ሚሊ ሜትር ቢወርድ ደህና ነው። 40 ከወረደ ሞላው ለእርስዎ አልተሠራም። ከላይ ያለችውን ማጥበቂያ ማዞር አያድንም፤ እሷ ሞላው የሚነሳበትን ቦታ ትቀይራለች እንጂ ጥንካሬውን አትጨምርም።

ሁለተኛው ጎማ ነው። ፍሬሙና ሹካው የሚችሉትን ያህል ሰፊ ጎማ፣ ለክብደቱ በሚመጥን ነፋስ፣ ከሁሉ የረከሰ ሞላ ነው።

ሦስተኛው ሞላውን መቀየር ነው። ፋብሪካው ጠንከር ያለ ሞላ ለብቻው የሚሸጥለት ሹካ ከሆነ ይህ ከአዲስ ሹካ በብዙ ይረክሳል። በጣም ርካሾቹ ግን ይህ ዕድል የላቸውም። ልብ መባል ያለበት ደግሞ ጠንካራ ሞላ ዘይት በሌለው ሹካ ላይ ሲገባ እንደ በቅሎ ይራገጣል፤ ሲመለስ መሪውን ከእጅ ያስለቅቃል።

አራተኛው ያገለገለ የአየር ሹካ ነው። ቱቦዎቹ ወፈር ያሉ፣ 32 ሚሊ ሜትር ገደማ ቢሆኑ ለከባድ ሰው ይመረጣል፤ 28 ሚሊ ሜትሩ ይተጣጠፋል። የመመለሻ ፍጥነቱን የሚቆጣጠር ቁልፍ ይኑረው። ከመግዛት በፊት የጎማው ቁጥር፣ የፍሬኑ ማሰሪያ፣ ወደ ፍሬሙ የሚገባው ቱቦ ከታች የሚወፍር ወይም ከላይ እስከ ታች አንድ ልክ መሆኑና ርዝመቱ ይታይ። ለዚህ ሹካ ከተራው የጎማ መንፊያ የተለየ ትንሽ ፓምፕ ያስፈልጋል፤ አንዱን ለአንድ ሰፈር መግዛት ይበቃል።

አምስተኛው ብዙዎች የማይቀበሉት ነው፦ ሞላውን ጭራሽ መተው። ጠንካራ የብረት ሹካ ከሰፊ ጎማ ጋር፣ ከመጥፎ ሞላ ይሻላል። ከኋላም ሞላ አለው ተብሎ በርካሽ የሚሸጥ ሳይክል ደግሞ ለከባድ ሰው ሁለት እጥፍ ችግር ነው። ሹካውን ያስተካከለ ሰውም ፍሬኑንና የቸርኬውን ሽቦዎች ሳያይ ወደ ቁልቁለት አይውረድ፤ ክብደቱ እነሱም ላይ ነው።

ይህ የአንድ ወፍራም ሰው ጉዳይ ብቻ አይደለም። መንግሥት እ.ኤ.አ. ከ2020 እስከ 2029 የሚዘልቅ የሞተር አልባ ትራንስፖርት ስትራቴጂ አውጥቷል። በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች እንዳይገቡ ተከልክሏል። በየከተማው የሚሠራው ኮሪደር ለብስክሌት መስመር ይለያል። ሰው ወደ ሳይክል ውጣ እየተባለ ነው። የሚወጣው ሰው ግን አማካይ ሰው ብቻ አይደለም፤ ከባድም አለ፣ ከነዕቃው የሚሄድም አለ። መስመሩ ከከተማ ሲወጣ ያልቃል፤ ከዚያ ወዲያ ያለው በክረምት ጭቃ፣ በበጋ ኮረኮንች ነው። ሳይክሉ ለዚያ ሸክምና ለዚያ መንገድ ካልተመጠነ፣ ባለቤቱ በሁለት ወር ውስጥ አንጓውን አሞት ሳይክሉን ግድግዳ ላይ ሰቅሎ ወደ ባጃጅ ይመለሳል። ስትራቴጂው የከሸፈው መንገድ ስላልተሠራ ብቻ ይመስለናል።

መፍትሔው ከውጭ የሚመጣ እውቀት አያሻውም። ጅማ ውስጥ ለአይሱዙ ባሌስትራ የሚመጥን መካኒክ ሞልቷል። የጎደለው ያንኑ ጥያቄ ወደ ሳይክል ሱቅ ማሻገር ነው። አስመጪው የሚያመጣው ሳይክል ስንት ኪሎ እንደሚሸከም ይጻፍበት፤ ሻጩ ከቀለሙ በፊት የገዢውን ክብደት ይጠይቅ፤ ገዢውም ክብደቱን ሲናገር አይፈር። ቡና ነጋዴ ሚዛን ላይ ሲወጣ የሚያፍር ኩንታል አይቶ አያውቅም።